ጆንያ ላይ የተሣሉ አራት ሥዕሎች በጅማ ክረምት፦ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

ጅማ ውስጥ ለሚሥል ሰው ከሁሉም የሚቀርበው ነገር ጆንያ ነው። ከተማዋ የቡና ናት። በሂርማታ ገበያ ዙሪያም ሆነ በየቡና መጋዘኑ ደጃፍ አሮጌ ጆንያ ተከምሮ ታገኛላችሁ። የሥዕል ሸራ ግን ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅማ ሲደርስ ዋጋው አይቀመስም። ጆንያው ደግሞ ባዶ ጨርቅ አይደለም። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ትከሻ ያረፈበት ቦታ ሳስቷል። ወጣት ሠዓሊዎች ቢወዱት አይገርምም።

ስለዚህ ዓይነት ሥራ ስናወራ ግን ሁሌም የምናወራው ስለ ትርጉሙ ነው። ጆንያው ምን ይወክላል? ላብን? ንግድን? ታሪክን? ጥሩ ጥያቄ ነው። ጆንያው ሐምሌ ላይ ምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ቀለሙ የተኛበት ነገር የሥዕሉ ግማሽ አካል ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ጉዳይ ያንን በግልጽ ያሳየ ስለሆነ ተጽፎ ቢቀመጥ ይጠቅማል።

ሥዕሎቹን የሠራችው ሠዓሊና ያሠሯት ሰው ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ስማቸውንም ቦታውንም አልጠቅስም። እኔ ሥዕል አስተምራለሁ። ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ምክንያቱን ፍለጋ ላይ ከሠዓሊዋ ጋር ነበርኩ።

ዳራ

ሠዓሊዋ የጅማ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ሥዕል ተምራ ተመልሳለች። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አዛውንት ለሳሎናቸው ትልልቅ ሥዕሎች እንድትሠራላቸው ጠየቋት። ጥያቄያቸው ቀልቧን ሳበው። “ስለ ቡና ይሁን፤ ጀበናና ሲኒ ግን እንዳላይበት” አሏት። እሷም ጆንያውን ራሱን መሥሪያ ላድርገው ስትል ሐሳብ አቀረበች። እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ በቡና ንግድ የኖሩ ናቸውና ወዲያው ገባቸው።

ጆንያ ላይ መሥራት በዓለም ላይ አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ጎጋን እ.ኤ.አ. በ1888 ፈረንሳይ ውስጥ አርል ከተማ ሲገባ 20 ሜትር የጁት ጨርቅ፣ ማለትም የጆንያ ጨርቅ፣ ገዝቶ እሱና ቫን ጎግ ተካፍለው ሥለውበታል። ጣሊያናዊው አልቤርቶ ቡሪ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተቀደደና የተጣፈ ጆንያን ራሱን ሥዕል አድርጎታል። ጋናዊው ኢብራሂም ማሃማ ደግሞ የካካዎ ጆንያዎችን ሰፍቶ ሕንፃ ያለብሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በቬኒስ ቢየናሌ፣ በጣሊያን በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ፣ ሥራውን አሳይቷል። ሠዓሊዋ የማሃማን ሥራ በፎቶ አይታ ተመስጣበታለች። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ፤ ኋላ ወሳኝ ስለሆነ ልብ በሉት። የማሃማ ጆንያ በነጻ ይንጠለጠላል። የእሷ ግን ፍሬም ላይ ተወጥሮ፣ ተቀብቶ፣ ተሥሎበት እንዲቆም ነው የታሰበው።

የታዘዙት አራት ሥዕሎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው 1.20 ሜትር በ1.80 ሜትር። ለ60 ኪሎ ቡና የሚሆን ጆንያ ወደ 70 ሳንቲ ሜትር በ1 ሜትር ይሆናል። ጎኑና ግርጌው ሲተረተር ወርዱ እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ ተጋጥመው ሲሰፉ ለአንድ ሥዕል ከነማጠፊያው ይበቃሉ። ሥዕሎቹ ላይ ቡና የሚለቅሙ እጆች አሉ። እጆቹ ከጆንያው ማኅተም ፊደላት መሃል ይወጣሉ፣ መልሰው ይገባሉ። ማኅተሙ እንዲታይ ትፈልግ ነበር። ቡናማውን ጥላ ያወጣችው አፍልታ ባጠነከረችው ቡና ነው። ነጩን መደብ፣ ማለትም ቀለሙ የሚያርፍበትን የሥር ቅብ፣ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በገዛችው ጀሶና በአናጺ ነጭ ኮላ አዘጋጀች። የጆንያውን ቀዳዳ ለመድፈን ደግሞ የዱቄት ማጣበቂያ ቀባችበት።

ሥራው የተጀመረው ታኅሣሥ ላይ ነው። የካቲት ላይ አለቀ፣ ወዲያው ተሰቀለ። ሁሉም ሰው ወደደው። እኔም አይቼው ወድጄዋለሁ።

ችግሩ

ጅማ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ መጋቢት ላይ ጀምሮ እስከ መስከረምና ከዚያም አልፎ ይዘልቃል። ሐምሌ ላይ የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ቀናት ይቆያል። ሥዕሎቹ የተሠሩት በደረቁ ወራት ነው። የተሰቀሉት ግን ክረምቱን ሙሉ ሊኖሩበት ነው።

ሐምሌ ላይ ባለቤቱ ደወሉላት። “ልጄ፣ ሥዕሎቹ ሆዳቸው ተነፍቷል፤ መጥተሽ እያቸው” አሏት።

ስትሄድ ጨርቁ ከፍሬሙ ግርጌ ላልቶ ወደ ፊት ተንዘርጥጧል። በሁለቱ ላይ፣ በተለይ በስፌቱ ዙሪያ፣ ነጩ መደብ ተሰነጣጥቆ ከነቀለሙ መርገፍ ጀምሯል። ቀለል ያሉት ቦታዎች ላይ ከታች የመጣ የሚመስል ቡናማ እድፍ ወጥቷል። ከግድግዳው ሲወርዱ የሻጋታ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ጀርባቸው አረንጓዴና ግራጫ ለብሷል። ከመስኮቱ ትይዩ የነበረው አራተኛው ሥዕል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረበት። በቡና የተቀባው ጥላ ደብዝዞ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

የሠዓሊዋ የመጀመሪያ ሐሳብ ጨርቁን እንደገና ስቦ መቸንከር፣ የረገፈውን መሙላት፣ የደበዘዘውን ደግሞ መቀባት ነበር። አናጺውም “በአንድ ቀን ይጠናቀቃል” ብሏት ነበር። እንዲያ ቢደረግ የሚቀጥለው ክረምት ያንኑ ይመልሰዋል። አምስት ምልክት ነበር፤ የየራሱ መነሻ ያለው። ስለዚህ መጀመሪያ ሥዕሎቹን አውርዳ ደረቅ ክፍል ውስጥ አስተኛቻቸው። ከዚያ መመርመር ጀመርን።

ምርመራው

ክፍሉን አጨልመን የእጅ ባትሪ ከጎን አበራንባቸው። ፊት ለፊት የማይታይ ነገር በጎን ብርሃን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስንጥቁ የት እንደጀመረና ወዴት እንደሚሄድ በግልጽ ታየ። ሁሉም ስንጥቅ የጀመረው ከስፌቱና ከፍሬሙ ጠርዝ ነው። ጨርቁ ከእንጨቱ ጋር የሚነካካበት ቦታ ማለት ነው።

ከዚያ ጆንያውን ራሱን ለመረዳት ሞከርን። የቡና ጆንያ የሚሠራው ከጁት ተክል ጭረት ነው። ማዳበሪያ ከምንለው የፕላስቲክ ከረጢት ጋር አይገናኝም። የጁት ክር ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ይወፍራል። ክሩ ሲወፍር ሽመናው ይጨማደድና ጨርቁ ያጥራል። ሲደርቅ ይለቃል፤ ግን ወደ ነበረበት ልክ አይመለስም። ይህን ከማንም በላይ የምታውቅ ሰው ያገኘነው መጋዘን ውስጥ ነው። ጆንያ በመጠገን የኖሩ እናት ናቸው። ሠዓሊዋ “አዴ፣ ለምን ላላብኝ?” ብላ ስትጠይቃቸው “ሳታጥቢው ነዋ የሰፋሽው! ጆንያ መጀመሪያ ይጠጣል፣ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ነው የሚያዘው” አሏት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ፍሬሙም ጥፋት ነበረበት። የተሠራው በደንብ ካልደረቀ ባህር ዛፍ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ጨርቁ አጥሮ ሲስበው ወደ ውስጥ ጎበጠ። በኋላ ጨርቁ ሲለቅ የሚወጥረው ነገር አልነበረም።

መደቡ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የሕንፃ ጀሶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ጠጣር ሆኖ ይቆማል። ጥንካሬው እንጨት ላይ ችግር የለውም። የቀድሞ ሠዓሊዎቻችንም በእንጨት ገበታ ላይ ሥዕለ አድኅኖ ሲሠሩ ከጀሶና ከሙጫ የተዘጋጀ ነጭ መደብ ይጠቀሙ ነበር። እንጨት ግን እንደ ጨርቅ አይተነፍስም። በየቀኑ በሚጨማደድና በሚለቅ ጆንያ ላይ እንዲህ ያለ ደረቅ ቅብ መሰንጠቁ አይቀርም።

ይህን ያረጋገጠልን ሦስተኛው ሥዕል ነው። እሱን ስትሠራ ጀሶ አልቆባት ነበር። ቀለሙን በኮላና በማጣበቂያው ላይ በቀጥታ ነው የቀባችው። እሱም ላልቷል፣ እሱም ሻግቷል። ቀለሙ ግን ከክሩ ጋር ተያይዞ አንድም ቦታ አልረገፈም። ከአራቱ አንዱ ሳይታሰብ ማነጻጸሪያ ሆነልን ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ሥዕል ባይኖር ጀሶውን በእርግጠኝነት ተጠያቂ ማድረግ አንችልም ነበር።

ቡናማው እድፍ የመጣው ከጆንያው ነው። ጁት ሊግኒን የሚባለው እንጨታማ ንጥረ ነገር 12 በመቶ ገደማ አለው፤ ጥጥ ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል። ከጊዜና ከብርሃን ጋር ጁት የሚጠቁረውና የሚሰባበረው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው። ውሃ ያለው ቀለም ሲቀባበት ደግሞ በውሃ የሚሟሟው ቡናማ ነገር ከክሩ ይወጣል፤ ቀለሙ ሲደርቅ ወደ ላይ ተስቦ ገጽ ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ ዘይት አለ። ጁት ሲፈተል እንዲለሰልስ ፋብሪካ ውስጥ የዘይትና የውሃ ድብልቅ ይረጭበታል። ለምግብ የሚሆኑት ጆንያዎች በአትክልት ዘይት እንዲሠሩ የሚጠይቅ ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ። የአትክልትም ይሁን የሌላ፣ ዘይት ያለበት ክር ላይ በውሃ የሚሠራ ቅብ በደንብ አይያዝም።

ሻጋታው የተመገበው የዱቄት ማጣበቂያውን ነው። ሥዕሎቹ ከውጭ በኩል ዝናብ በሚመታው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ነበር የተሰቀሉት፤ ከኋላቸው አየር አያልፍም። የአየሩ እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ለማደግ ይመቸዋል። ምግብ ነበረው፣ እርጥበት ነበረው፣ ጨለማም ነበረው።

የቡናው ቀለም መደብዘዝ አጭር መልስ ነው ያለው። ቡና ማቅለሚያ እንጂ ጽኑ ቀለም አይደለም። ፀሐይ ይበላዋል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ሻጋታው ተወገደ። ሥዕሎቹ ሙሉ በሙሉ ከደረቁ በኋላ ጀርባቸው ደጅ ላይ፣ አፍንጫና አፍ ተሸፍኖ፣ በለስላሳ ብሩሽ ተጠረገ። እርጥብ ሻጋታ ሲጠረግ ይበልጥ ይሰራጫልና ማድረቁ ይቀድማል። ቀጥሎ 70 በመቶ አልኮል በነካ ጨርቅ ተጠረገ። አንድ ሰው በረኪና መክሯት ነበር። በረኪና እድፉን ያነጣል፤ ጭረቱን ግን ያደክመዋል። ስለዚህ አልተነካም።

ከዚያ ሠዓሊዋ ዋናውን ሥራ ከመንካቷ በፊት ሙከራ ጀመረች። ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ጆንያ በትንንሹ ቆርጣ የተለያየ አሠራር ሞከረችባቸው። አንዱ ያልታጠበ። አንዱ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ የታጠበ። አንዱ በለብ ያለ ውሃና በዱቄት ሳሙና። አንዱ የዘይት ቀለም በሚቀጠንበት በአኳራጅ የተጠረገ። በየቁራጩ ግማሽ ላይ ኮላ፣ በግማሹ ላይ ከአዲስ አበባ ያስመጣችው ቀለም አልባ የአክሪሊክ ማሰሪያ (ቀለምን ከጨርቅ ጋር የሚያያይዝ፣ ሲደርቅ የሚተጣጠፍ ፈሳሽ) ቀባች። ከላይ ነጭ አክሪሊክ። እያንዳንዱ ጀርባ ላይ ምን እንደተደረገበት ጻፈች። ከዚያ ሻወር ቤቷ ውስጥ ሰቀለቻቸው። በየቀኑ ይታፈናሉ፣ ይደርቃሉ። ክረምትን በትንሽ ክፍል ውስጥ መጥራት ማለት ነው።

ውጤቱ ቁልጭ ያለ ነበር። ያልታጠበው ላይ ነጩ ቀለም ገና ሳይውል ሳያድር ቡናማ ሆነ። በውሃ ብቻ የታጠበው ተሻለ፣ ግን ቀለሙን በጥፍር ሲቧጭሩት በቀላሉ ተላቀቀ። በሳሙና ታጥቦ በአክሪሊክ ማሰሪያ የታሸገው ነጭነቱን ያዘ፤ ጥፍርም አልበገረውም። ኮላ የተቀባው ሲደርቅ ጥሩ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ግን ይለሰልሳል፣ ጣት ላይ ይያዛል። አኳራጁ ዘይቱን በደንብ አወጣ። ከዘይቱ ጋር ግን የማኅተሙን ቀለምም ጠርጎት ሄደ። ማኅተሙ ከሌለ ለእሷ ሥዕሉ የለም። አኳራጅ በዚያው ተተወ።

አዲሶቹ ጆንያዎች በለብ ያለ ውሃና ሳሙና ታጠቡ። ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ደጋግማ አለቀለቀቻቸው። ማኅተሙ ትንሽ ፈዘዘ፣ ግን ቆየ። ሳይጨመቁ ጥላ ላይ ደረቁ። ስፌቱን ያሳዩዋት እኚያው እናት ናቸው። ቀድሞ ሁለቱ ጠርዞች ተደራርበው ስለተሰፉ መሃል ላይ ወፍራም ጉብታ ነበር፤ ስንጥቁም የሄደው እሱን ተከትሎ ነው። አሁን ጠርዝ ለጠርዝ ተገጣጥመው በጆንያ መርፌና በቀጭን ሲባጎ ተያያዙ። ከኋላ ቀጭን የጥጥ ጥብጣብ በአክሪሊክ ማሰሪያው ተለጠፈበት።

ፍሬሙን የሠራው ሌላ አናጺ ነው። ከዕቃ ሥራ የተረፈ፣ ለዓመታት የደረቀ የዋንዛ ቁርጥራጭ ነበረው። ጅማ ላይ ዋንዛ የሚያውቅ አናጺ አይጠፋም፤ በርጩማውም ወንበሩም ከሱ ነው። ፍሬሙ መሃል ላይ ማገር ገባለት። የፊቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ እንዲያዘቀዝቅ በመላጊያ ተላገ፤ ጨርቁ የሚነካው የውጩን ጫፍ ብቻ ነው። ማዕዘኖቹ በሚስማር አልተመቱም። በክፍተታቸው ውስጥ ትንንሽ ሽብልቆች ገቡ። ጨርቁ ሲላላ ሽብልቁን ከጀርባ በመዶሻ ቀስ አድርጎ መታ ማድረግ ይበቃል፤ ፍሬሙ ይሰፋል፣ ጨርቁ ይወጠራል።

ለመደቡ ነጭ ቅብ በሙሉ ገጽ ላይ ማልበስ ቀረ። ማሰሪያው መጀመሪያ በውሃ ቀጥኖ፣ ቀጥሎ ወፈር ብሎ ሁለት ጊዜ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ ተቀባ። ሲደርቅ አይታይም፤ ጆንያው ከነማኅተሙ ቁልጭ ብሎ ይቀራል። ነጭ የሚያስፈልገው እጆቹ ያሉበት ቦታ ብቻ ነው። እዚያ በጣም የደቀቀ የጠመኔ ዱቄት፣ ነጭ አክሪሊክና ማሰሪያ ተደባልቆ በስሱ ተቀባ።

ከቡና ወደ አፈር

ስለ ቀለሙ ለብቻው ልጻፍ፤ የሚገባው ነውና።

ሠዓሊዋ ቡናውን መተው ከበዳት። ስለ ቡና የሚናገር ሥዕል በቡና መሠራቱ ለእሷ ትርጉም ነበረው። ግን የሚደበዝዝ መሆኑን ካወቀች በኋላ ለሰው ሸጦ ዝም ማለት አልቻለችም። ያገኘችው መልስ ከእግሯ ሥር ነበር። የጅማ ቀይ አፈር ቅላቱን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው። ብረት ኦክሳይድ ደግሞ ፀሐይ ከማይበግራቸው ቀለሞች አንዱ ነው። ሰው በዋሻ ግድግዳ ላይ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የቀባው ቀይ ዛሬም የሚታየው በዚህ ነው። ቡናውም የሚበቅለው እዚያው አፈር ላይ አይደል?

ወደ ጅሬን በሚወስደው ዳገት ዙሪያ መንገድ ሲቆረጥ ከተገለጠ ቦታና ከሌላም ሁለት ቦታ ትንሽ ትንሽ አፈር ወሰደች። ከላይ ያለው ሥርና ቅጠል ስላለበት ከጥልቅ የወጣውን መረጠች። አድርቃ፣ አድቅቃ በወንፊት ነፋችው። ከዚያ ባልዲ ውስጥ በብዙ ውሃ አማሰለችው። ትንሽ ሲቆይ አሸዋውና ጠጠሩ ቶሎ ወደ ታች ይወርዳል። የደቀቀው ግን ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይቆያል። ያንን ደፍርሶ ያለውን ውሃ ቀስ ብላ ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጠችው። እዚያ ሲያድር የደቀቀው አፈር ይዘቅጣል፤ ጠላ ሲጠል አተላው ከሥር እንደሚቀር ማለት ነው። ከላይ የጠራው ውሃ ይደፋል። ይህ ደጋግሞ ሲሠራ ጣት ላይ ምንም የማይሻክር፣ እንደ ክሬም የለሰለሰ ቀለም ይገኛል። ደርቆ፣ መስታወት ላይ ከአክሪሊክ ማሰሪያ ጋር ተፈጭቶ ተቀባ።

ሦስቱ አፈሮች ሦስት የተለያየ ቅላት ሰጡ። አንዱ ወደ ብርቱካን ያደላ፣ አንዱ ደም የመሰለ፣ አንዱ ወደ ቡናማ የሚሄድ። ቡናማው እንዲጠቁር አንዱን እፍኝ በብረት ምጣድ ላይ ቆላችው። አፈሩ ሲቆላ ይጨልማል። የቡናን ጥላ የተካው እሱ ነው። በእኔ ዓይን ከቀድሞው ይበልጣል፤ ጥልቀት አለው፣ ብርሃኑን አይመልስም።

ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት አንድ ካርቶን ላይ ናሙናው ተቀብቶ ግማሹ በጥቁር ወረቀት ተሸፈነና መስኮት ላይ ተለጠፈ። ከጎኑ የቡናው ናሙና ነበር። ቡናው ደበዘዘ። አፈሩ የተሸፈነውም ያልተሸፈነውም አንድ ሆኖ ቆየ።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ሦስተኛው ሥዕል ዳነ። ከአሮጌው ፍሬም ተነቅሎ፣ ተጠርጎ፣ ጀርባው በማሰሪያ ታሽጎ አዲሱ ዋንዛ ላይ ተወጠረ። የወጣበት ቡናማ እድፍ ግን አልለቀቀም። አንደኛውና ሁለተኛው ሊጠገኑ አልቻሉም። የሚረገፈውን በማሰሪያ ለመለጠፍ ተሞከረ፤ አንዱ ጋ ሲያዝ ሌላው ጋ ይነሣል። እንደገና ተሠሩ። ሠዓሊዋ አዘነች፤ መጀመሪያ የወጣው እጅ ዳግመኛ በዚያው ግለት አይወጣም። ሁለተኛውን ከቀድሞው ባላነሰ ሠርታዋለች። አንደኛው ግን፣ ልክ ነው የምለው፣ የቀድሞው ይሻል ነበር።

አራተኛው ላይ ድፍረት ወሰደች። ፍሬሙን ጨርሳ ተወችው። ጆንያው ከላይ በዋንዛ ዘንግ፣ ከታች በሌላ ዘንግ ተያዘና እንደ መጋረጃ ተንጠለጠለ። ቀለሙ በስሱ፣ ክሩ ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ ተቀባ። ጨርቁ ሲያጥር ያጥራል፣ ሲለቅ ይለቃል፤ የሚይዘውም የሚከለክለውም የለም። የሚቀጥለውን ክረምት ከአራቱም በላይ በጤና ያለፈው እሱ ነው። እኔ ጅማ ላይ በጆንያ ለሚሠራ ሰው አሁን መጀመሪያ የምመክረው ይህንን ነው። መወጠር የሸራ ልማድ ነው፤ ጆንያ የግድ መቀበል የለበትም።

የተወጠሩት ሦስቱ ነሐሴ ላይ ትንሽ ላሉ። ሽብልቃቸው ሲመታ ተመለሱ። አንደኛው ግርጌው ላይ ቀጭን ሞገድ ቀርቶበታል፤ ማኅተሙ ያለበት ክፍል ከሌላው ጆንያ የሳሳ ስለሆነ ይመስለኛል። መደቡ ግን አልተሰነጠቀም። ሻጋታም አልመጣም። የሚሰቀሉበት ግድግዳ ወደ ውስጠኛው ተቀይሯል። ከኋላቸው በየማዕዘኑ የእንጨት ቁራጭ ተለጥፎ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል የአየር መተላለፊያ ተትቶላቸዋል። ከሁሉም ርካሹ መፍትሔ ይህ ነበር። ምናልባት ከሁሉም የበለጠ የሠራውም እሱ ነው።

ለሌላ ሠዓሊ የሚተርፈው

ጆንያ ነጻ ሸራ አይደለም። ሲገዛ ርካሽ ነው፤ መታጠቡ፣ መታሸጉ፣ መሰፋቱ፣ ፍሬሙ ሲደመር ግን ከሸራ የበለጠ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ዋጋ ስትነጋገሩ የዝግጅቱን ልፋት አስቡት። ሠዓሊዋ በመጀመሪያው ውል የዝግጅቱን ጊዜ ጭራሽ አላስገባችም ነበር፤ አብዛኞቹ ወጣቶችም እንዲሁ ናቸው።

ሙከራ ቁራጭ ላይ ይሠራ። አዲስ ማሰሪያ፣ አዲስ ጨርቅ፣ አዲስ ቀለም በገባ ቁጥር ትንሽ ቁራጭ ሠርቶ እርጥብ ቦታ መስቀል፣ ሌላውን መስኮት ላይ መለጠፍ። በደረቅ ወር የተሠራ ሥራ የክረምት ፈተና ሳያልፍ ለደንበኛ ባይሰጥ ይመረጣል። ካልተቻለ ደግሞ ደንበኛው ይወቀው።

ለሕንፃ የተሠራ ነገር ለሥዕል አይሆንም ማለቴ አይደለም። ጀሶ እንጨት ላይ ያገለግላል፤ ኮላም ደረቅ ቦታ ላይ ላለ ትንሽ ሥራ ይሆናል። ጥያቄው ታች ያለው ነገር ይንቀሳቀሳል ወይስ አይንቀሳቀስም ነው። የሚንቀሳቀስ ከሆነ ላዩ ላይ ያለውም አብሮት መታጠፍ አለበት። ዱቄት ያለበት ማጣበቂያ ግን ጅማ ላይ በጭራሽ።

ዕቃውን በእጁ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። ከአንድ ሳምንት ንባብ ይልቅ የመጋዘኗ እናት አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድሞ ደርሷል። አናጺ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቀለም ቀቢ፣ ጆንያ ጠጋኝ፣ ሁሉም የሥዕል ስቱዲዮ ጎረቤቶች ናቸው።

የመጨረሻው የወረቀት ጉዳይ ነው። አሁን ሠዓሊዋ በየሥዕሉ ጀርባ ጆንያው ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደታጠበ፣ ምን እንደተቀባና በየትኛው ወር እንደተሠራ ትጽፋለች። ወደፊት ሌላ ሰው ሲጠግነው መገመት አይኖርበትም። ለባለቤቱም አንድ ገጽ ጽፋ ሰጥታቸዋለች። ጁት ምንም ቢታሸግ ከዓመታት በኋላ እየጠቆረ እንደሚሄድ፣ ከቀጥታ ፀሐይ መራቅ እንዳለበት፣ ክረምት ሲወጣ ሽብልቁ ማን እንደሚመታው፣ ጉዳት ቢመጣ ወጪው እንዴት እንደሚከፈል ተዘርዝሮበታል። አዛውንቱ አንብበው “ለመኪናም እንዲህ አይጻፍለትም” አሉና ፈረሙ። ቀጣዮቹን ሁለት ሥዕሎች ያዘዙት በዚያው ዕለት ነው።